የቦልቴ ጣሳ

ኤርካሎ ያገኘው የአንገት ልብስ ሲፈልግ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም እስከ ረፋድ የሶዶን ቆርቆሮ ጣሪያ ተጭኖ የሚቆይበት ወር። ጉሮሮው ደግሞ አዲስ አበባ ጨረር ከተሰጠው ወዲህ ብርድ አልችል ብሏል። ሚስቱ አዛለች ገበያ ወጥታለች። የልብስ ሳጥኗን ከፍቶ ነጠላዎቿን ሲያነሳ ከሥር በመሐረብ የተቋጠረ ክብ ነገር እጁ ላይ መጣ። ፈታው። ኒኬሉ የተላጠ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የቢስክሌት ደወል ክዳን ነው። የራሱ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለሌላ ሰው ውራጅ ብረት ነው፤ ለእሱ ግን መርዶ ነበር፣ ያውም የራሱ መርዶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ማለት ነው፣ የሰፈሩ አባወራዎች በአንድነት በሬ ገዝተው ቅርጫ ያርዳሉ። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይከፈላል። ማንም የወደደውን መርጦ እንዳይወስድ እያንዳንዱ ሰው ዕጣ የሚሆነውን ትንሽ ነገር ያመጣል፦ አንዱ የኮት ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ዶቃ። ከዚያ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ይጠራና ዕጣዎቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ሌላ ሰፈር ዕጣው ከተጣለ በኋላ የትም ይወድቃል። በእነሱ ሰፈር ግን የሁሉም ዕጣ ዓመቱን ሙሉ በቦልቴ ቤት፣ በአንድ አሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከማኅበሩ የወጣ ሰው ዕጣውን ይወስዳል። የሞተ ሰው ዕጣ ለቤተሰቡ ይመለሳል። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ዕጣ ከጣሳው የሚወጣበት ምክንያት ኖሮ አያውቅም።

ኤርካሎ ደግሞ ከማኅበሩ አልወጣም።

አዛለች ዘንቢሏን ይዛ ስትገባ ደወሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቃት። አልጮኸባትም፤ መጮህ ቢፈልግም ድምፁ ተሰልቦ የቀረለት ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ሻካራ ትንፋሽ ብቻ ነው። መቼ እንደመጣ ጠየቃት። አንተ አዲስ አበባ ሳለህ ነው አለች። ቦልቴ ራሱ ነው ያመጣው፤ ግባ ብትለው አልገባም፣ በር ላይ ቆሞ «ያዢው» ብሏት ዞሮ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ ስለገባት አልጠየቀችውም። ዘንቢሏን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ከዚያም የውኃ ድምፅ መጣ። ማልቀስ ስትፈልግ ዕቃ ታጥባለች። እሱ ከአዲስ አበባ ከተመለሰ ወዲህ በዚያ ቤት የቆሸሸ ዕቃ ታይቶ አይታወቅም።

እንግዲህ ከነነፍሱ ተቀብሯል። ያውም በወዳጁ እጅ።

ኤርካሎ የፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ የሕግ መጻሕፍትን በራሱ አንብቦ፣ ከስንት ጠበቃ ጋር አፍ ለአፍ ተያይዞ የኖረ ሰው ነው። ገበሬው በወላይትኛ የነገረውን እሱ ዳኛ በሚገባው አማርኛ ይጽፍለታል፤ ሲጽፍም ለባለጉዳዩ ከባለጉዳዩ በላይ ይናደድለታል። በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ወላይታን ባናወጠው የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ረብሻ ጊዜ አፉን አልይዝ ብሎ ታስሯል። ለሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ ፍርድህን ራስህ ቀርበህ ስማ፤ ማንም በአንተ ቦታ ቆሞ እንዳይሰማልህ።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ግን ይኸው ምክር በራሱ ላይ ተሻረ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ እሱን አልፎ የአዛለችን ወንድም በኃይሉን ወደ ኮሪደሩ ጠራው። ኤርካሎ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮቱ አያቸው። ሐኪሙ ይናገራል፣ በኃይሉ መሬት መሬት ያያል። ይኼ ምን ዓይነት ወግ ነው? ጉሮሮው የእሱ፣ ሞቱ የእሱ፣ ወሬው የሌላ ሰው። ሌባ እንኳ ክሱ ፊቱ ላይ ይነበብለታል። ይኼን ርኅራኄ ብሎ የሚጠራ ሁሉ ርኅራኄ ከፍርሃት ጋር ተምታቶበታል፤ የሚራሩት ለበሽተኛው አይደለም፣ ዓይኑን ላለማየት ለራሳቸው ነው። በኃይሉ ተመልሶ «ትንሽ ቁስለት ነው አሉ» ሲለው ኤርካሎ ተነስቶ ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ድካም ዓይኑን አቅልቶታል። ኤርካሎ በሌለሁበት የፈረድከውን አንብብልኝ አለው። ወጣቱ ብዙ ካንገራገረ በኋላ ነገረው። ነቀርሳው ከጉሮሮው አልፎ ዕጢዎቹ ላይ ደርሷል። ጨረሩ ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ዓመት መሙላቱ ያጠራጥራል። ከዚያ በላይ የቆዩ ግን እንዳየ፣ ጥቂቶች ቢሆኑም እንዳየ ጨመረለት።

«እነዚያ ጥቂቶቹ ምን አድርገው ቆዩ?» አለ ኤርካሎ።

«አላውቅም» አለ ሐኪሙ። «ከቆዩ በኋላ ተመልሰው አይመጡም። ሰው ደህና ሲሆን ሐኪም ዘንድ ምን ይሠራል?»

ኤርካሎ ይህን መልስ ወደደው። ከሰማው ሁሉ ሐሰት የሌለበት እሱ ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኩን የኖረው ከጥቂቶቹ ጋር ነው፤ በማይረታ ክርክር የረቱ፣ አይሆንም በተባለ ይግባኝ ያሸነፉ አሉ፣ አንዳንዶቹን ማመልከቻ የጻፈላቸው ራሱ ነው። ጥቂት አለ ማለት በር አለ ማለት ነው። ወደ ሶዶ በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ፣ ቦዲቲን አልፈው ዳሞታ ሲታየው፣ ከእነዚያ አንዱ ለመሆን ወሰነ። እንዴት እንደሚሆን ግን አላወቀም። በየጠዋቱ ተነስቶ መላጨትን፣ መልበስን፣ ወደ ሥራ መሄድን ብቻ ነው የሚያውቀው።

በሶዶ የጠበቀው ግን ሌላ በሽታ ነው። የሚቃወመው ሰው ጠፋ።

ጠያቂው ይጎርፋል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ይጸልዩለታል፣ ጎረቤት ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ በሹክሹክታ ያወራሉ፣ ሲወጡ ከአዛለች ጋር በር ላይ ይንሾካሾካሉ። ኤርካሎ ይኼን ይችለው ነበር። ያልቻለው እሺታውን ነው። ከተማው ሁሉ ስለ ሁለት ሺህ ዓመት በዓል፣ ስለ አዲሱ ሚሊኒየም ይለፈልፋል፤ በየመንገዱ ባነር ተሰቅሏል። የዞን ቢሮ ሠራተኛ የሆነው ጎረቤቱ ኤልሳዕ ሊጠይቀው ሲመጣ ኤርካሎ ሆን ብሎ ነካው፤ በጨርቅ ላይ የተጻፈ ህዳሴ ዝናብ ሲመታው ይለቃል አለው። ድሮ ቢሆን ኤልሳዕ ፊቱ ቲማቲም መስሎ እስከ እራት ይከራከረው ነበር። አሁን ራሱን ነቅንቆ «እውነት ነው ጋሽ ኤርካሎ፣ እውነትዎን ነው» አለና ሙዙን ላጠለት።

ከሁሉ የባሰው ቦልቴ ነው። ቦልቴ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፣ ቅንድቡ እንኳ ዱቄት የማያጣው ሰው። ሁለቱ ከጉርምስናቸው ጀምሮ ያልተጣሉበት ጉዳይ የለም፤ ስለ በሬ ቀለም፣ ስለ ደርግ፣ ስለ ኳስ፣ የቦዲቲ ገበያ ይበልጣል ወይስ የሻንቶ፣ ዳጣው ላይ ሚጥሚጣው ይብዛ ወይስ ዝንጅብሉ። ተኮራርፈው ያድራሉ፣ ጠዋት አንዱ የሌላውን በር አንኳኩቶ ክርክሩን ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ሰው አሁን በየማታው እየመጣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያዞራል፣ ኤርካሎ ምንም ቢል «ልክ ነህ» ይላል። አንድ ማታ ኤርካሎ ሊፈትነው ደርግ መልካም መንግሥት ነበር አለው። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሙን ያጣው ቦልቴ፣ ልክ ነህ አለ።

ኤርካሎ ያን ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለካ ሰው ብቻውን የሚቀረው ጠያቂ ሲያጣ ብቻ አይደለም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ የሚናገረው ሁሉ ጥጥ ላይ እንደተወረወረ ጠጠር ድምፅ ሳያሰማ ሲቀር እሱም ብቸኝነት ነው።

ሥራ ቦታውም እንዲሁ ሆነ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላውን ተክሎ፣ ጠረጴዛዋን ዘርግቶ ይቀመጣል። ባለጉዳዮች ከሩቅ ሰላም ይሉታል፣ በአክብሮት ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጸሐፊ ያልፋሉ። አልተቀየመም ለማለት ይከብዳል። ምክንያቱን ያውቀዋል፤ የሰው ቀጠሮ ለኅዳር ነው፣ ለጥር ነው፣ ማን ነው ጉዳዩን ጥር ላይ ላይኖር ለሚችል ሰው የሚሰጥ?

አንድ ቀን ብቻ ከሻንቶ በኩል የመጣች ጽጌሬዳ የምትባል አሮጊት ፊቱ ያለው ዱካ ላይ ዘፍ አለች። የወሰን ክርክር አለባት፣ የጎረቤቷ አጥር በየዓመቱ በእግሩ የሚሄድ ይመስል ወደ እሷ ይገፋል። ኤርካሎ ጥያቄ ሲጠይቃት ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችና ተቆጣች። በወላይትኛ፣ ወንድ ልጅ ሆነህ እንደ ሙሽራ የምታንሾካሹክ ምን ነክቶህ ነው፣ ዳኛው ፊትም እንዲህ ነው የምትናገርልኝ አለችው። ከጎኑ የነበረው ጸሐፊ ደንግጦ ዝም እንድትል ምልክት ሰጣት። ኤርካሎ እጁን አንስቶ ከለከለው። ከስንት ሳምንት በኋላ የተሰደበው ያን ቀን ነው፤ ስድቡ እንደ ትኩስ ሾርባ ደረቱን አሞቀው። ማመልከቻዋን በሦስት ገጽ ጻፈላት፣ ቃላቱን እየመረጠ፣ እየተናደደላት። ቀጠሮዋ ጥር ላይ መሆኑን ስትነግረው፣ እዚሁ ነኝ አላት፣ ጃንጥላውን አይተሽ ነይ።

ደወሉን ያገኘው በማግሥቱ ነው።

በንዴቱ ጊዜ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሊሄድ ጫማውን አጥልቆ ነበር። ከዚያ ተወው። ክስ ምስክር በሌለበት አይቀርብም። ቦልቴ ያን ጣሳ የያዘው በማኅበሩ ስም ነው፣ መልሱንም በማኅበሩ ፊት ይስጥ። ይህ ለራሱ የነገረው ምክንያት ነው። ከሥር ያለው ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነበር። ቦልቴ ብቻውን ሲያገኘው ዓይኑን አይቶ፣ አዎ፣ የዛሬ ዓመት አትኖርም ቢለውስ? ያን ቃል ከሐኪም ሰምቶ ችሏል። ከቦልቴ አፍ የሚችለው አልመሰለውም። ስለዚህ ደወሉን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተና ጊፋታን ጠበቀ።

መስከረም ገባ። በሬ የሚገዛው ከበዴሳ ነው፤ ሁልጊዜ ኤርካሎና ቦልቴ ናቸው የሚሄዱት፣ እየተሰዳደቡ ሄደው እየተሰዳደቡ ይመለሳሉ። በዚህ ዓመት ቦልቴ ከኤልሳዕ ጋር ሄደ። በሬው ሰፈር ሲገባ ኤርካሎ ከአጥሩ በላይ አየው። ቀይ ነው፣ ሻኛው የተከመረ፣ ጥሩ በሬ ነው። ማንም መጥቶ እንዴት አየኸው ብሎ አልጠየቀውም።

የእርዱ ቀን ጠዋት አዛለች ቤት እንዲቆይ ለመነችው። ያመጡልሃል አለች። እሱም ለዚያው ነው የምሄደው አላት፤ ያመጡልኛል ተብዬ እንዳልቀር። ከስቶ ኮቱ ትከሻው ላይ ተሰቅሏል፤ የአንገት ልብሱን ጠምጥሞ፣ በኪሱ ደወሉን ጨብጦ፣ ወደ ቦልቴ ግቢ ቀስ ብሎ ሄደ።

ሲደርስ በሬው ታርዶ ተቆራርጧል። የእንሰት ቅጠሎች መሬት ላይ ተነጥፈው ሥጋው በመደብ በመደብ ተደርድሯል፤ ቢላዋ ይፋጫል፣ ሰው ይሳሳቃል። እሱን ሲያዩ ሳቁ ቀነሰ። ሦስት ሰው ከወንበሩ ተነሳለት። አልተቀመጠም። መደቦቹን አየ፤ ለወትሮው እኩል አድርጎ የሚመድባቸው እሱ ነበር። ከዚያ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ለብቻው በሰፊ ቅጠል ላይ የተቀመጠ አንድ መደብ አየ። ከሁሉ ይበልጣል። ሽንጥ አለበት፣ ሻኛ አለበት፣ ጮማው ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል።

«ያ የማን ነው?» አለ።

«ያንተ ነው» አለ ቦልቴ፣ መሬት እያየ። «በዕጣ አትጉላላ ብለን ለየንልህ።»

«እኔ ሥጋ መዋጥ እንደማልችል የማታውቁ አላችሁ?»

ሁሉም ወደየቢላዋው አጎነበሰ።

«ታዲያ ለማን ነው የለያችሁት? ለተዝካር ነው?»

«ልክ ነህ፣ ግን...»

«ልክ ነህ አትበለኝ።» ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ጥቂት ሳል ያዘውና ጠበቁት። ሲለቀው ዞር ብሎ የበሬውን ጭንቅላት አየ፣ ከዚያ ሥጋውን፣ ከዚያ ቦልቴን ከእግር እስከ ራሱ። በሬው ጥሩ እንደሆነ ያውቃል። ግን ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። «በሬውን የመረጥከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አታለሉህ። ይኼ ሞፈር ያደቀቀው የእርሻ በሬ ነው። ሥጋው ጅማት ነው። እኔ ከሌለሁ በዴሳ ሄደህ ዓይንህን ጨፍነህ እንደምትገዛ አውቅ ነበር።»

ቦልቴ አፉን ከፈተ። ልክ ነህ ሊል መሆኑን ሁሉም አይተዋል፤ ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በሬውን ያለ ኤርካሎ ሲመርጥ የመጀመሪያው ነው፣ ሌሊት ተነስቶ ሄዶ ገበያውን ዞሮ ነው ያገኘው፣ ሰፈሩም ሁሉ አመስግኖታል። ቅንድቡ ተሰበሰበ።

«አልታለልኩም» አለ።

«ተታለሃል።»

«አልታለልኩም አልኩህ። ይኼን ጮማ እየው እስቲ። የታመመው ጉሮሮህ ነው እንጂ ዓይንህ አይደለም።»

ኤልሳዕ የያዘውን ቢላዋ ቀስ ብሎ ቅጠል ላይ አስቀመጠ። ቦልቴ ራሱ በተናገረው ደንግጦ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የዶለዶመ መጋዝ እርጥብ እንጨት ሲቆርጥ የሚያሰማው ዓይነት። ኤርካሎ እየሳቀ ነበር። እስኪያስለው ሳቀ፣ እንባውን በአንገት ልብሱ ጠረገ። ከዚያ ሳቁ ጠፍቶ፣ ከኪሱ ደወሉን አወጣና በመዳፉ ላይ ዘረጋለት።

«እንግዲያው ይኼን ለምን አወጣኸው?»

ቦልቴ ደወሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አንዳንዶቹ ነገሩን የሰሙት ያኔ ነበር፤ እርስ በርስ ተያዩ።

«እስር ቤት ሳለሁ እንኳ አላወጣኸውም» አለ ኤርካሎ። «ጊፋታን ታስሬ ነው የዋልኩት። በሕይወት ልውጣ አልውጣ የሚያውቅ አልነበረም። ዕጣዬ ተጥሎ መደቤ ቤቴ ገባ። አሁን ምን ሰማህና ነው?»

ቦልቴ ዱቄት የገባበትን ጥፍሩን አየ።

«የዳልጮን ታስታውሳለህ?» አለ በመጨረሻ። ዳልጮ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። «ነጭ ጠጠር ነበር ዕጣው። ሲሞት ለሚስቱ ልመልስ ብዬ በለቅሶው ግርግር ረሳሁት። ዓመቱ ዞሮ ለጊፋታ ጣሳውን ስገለብጠው ከሰዉ ዕጣ ጋር ዱብ አለ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር።» ቃሉ ተቆራረጠ። «ያንተን ሁለተኛ እንደዚያ አላገኝም። ሞትክ ብዬ አይደለም። እሱን ላለማግኘት ነው።»

ኤርካሎ ለዚህ መልስ አዘጋጅቶ አልመጣም። ለክህደት፣ ለንቀት፣ ለማመካኛ መልስ ነበረው፤ በየማታው አልጋው ላይ ሲያዘጋጅ ከርሟል። ቦልቴን አየው። ሸምግሏል፤ እስከዚያች ሰዓት አላስተዋለውም ነበር።

«እኔ ደግሞ እንድታገኘው ነው የምፈልገው» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሞትኩ ጣሳውን ስትገለብጥ ዱብ ይበልብህ። ይክፋህ። ካልሞትኩም ዱብ ይበልና ሥጋዬን ስጠኝ። ቀድመህ ስታወጣው ግን ሁለቱንም ነው የወሰድክብኝ።»

ቦልቴ እጁን ዘርግቶ ደወሉን ወሰደ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ጠብ ነው። ኤርካሎ ያ የተለየው መደብ ይፍረስና ከሌላው ተቀላቅሎ እንደገና ይመደብ አለ። ኤልሳዕ ቤተሰብ እየጠበቀ ነው፣ ሥጋው ይደርቃል ብሎ ተቃወመ። ለተለመደው ሥራው ኤርካሎ ቢላዋ ሲያነሳ ቦልቴ ከእጁ ነጠቀው፤ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ሽንጡን ታበላሽብናለህ አለው። ኤርካሎ ቢላዋውን ለቀቀ እንጂ አፉን አልለቀቀም። ከላዩ ቆሞ ይኼን ወዲያ፣ ያንን ወዲህ፣ ጎድን አበዛህ፣ ጉበት አሳነስክ እያለ፣ በየመሀሉ እያሳለ፣ መደቡን ሁሉ እኩል አስደረገ። እኩል አልሆነም የሚል አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ቦልቴ ነው።

ዕጣ የሚጥል መንገደኛ ሲፈለግ በር ላይ ተሳፋሪ ያወረደ የቦዲቲ ልጅ የባጃጅ ሹፌር ተገኘ። ማንንም አያውቅም። ዕጣዎቹን በእፍኙ ይዞ እየዞረ ጣላቸው። ደወሉ ከጫፍ ባለው መደብ ላይ አረፈ፤ ጎድን የበዛበት፣ ጮማ ያነሰው፣ ኤርካሎ ራሱ እኩል ነው ብሎ የተከራከረለት መደብ ላይ። ኤልሳዕ ጎንበስ ብሎ ከራሱ ሊለውጥለት ሲል ቦልቴ ክንዱን ያዘው።

«ተወው። የደረሰውን ይውሰድ» አለ። «እኩል ነው ያለው እሱ አይደል?»

ኤርካሎ ተሰረቅኩ አለ። ተመልሶ ይጣል አለ። ከሹፌሩ ጋር ተዋውላችኋል አለ፣ የቦዲቲ ሰው ድሮም እንዲህ ነው አለ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት ወደ ባጃጁ ሸሸ። የሰማው አልነበረም፤ እያንዳንዱ መደቡን እየጠቀለለ ነበር። ቦልቴ ጣሳውን ይዞ ዞረ፤ በየተራ ሁሉም ዕጣውን ለከርሞ መልሶ ከተተ። ኤርካሎ ጋር ሲደርስ ጣሳውን ከፍ አድርጎ ያዘለት። ኤርካሎ ደወሉን ከጣሳው አፍ ላይ ለቀቀው። ከሥር ወርዶ ሲያርፍ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያሰማው እሱ ነበር።

«ለከርሞ በሬውን አንተ ምረጥ» አለው ቦልቴ ክዳኑን እየገጠመ። «ያኔ ደግሞ የአንተን ጅማት እናያለን።»

ኤርካሎ ሥጋውን በቅጠል ጠቅልሎ፣ ቅጠሉን በክንዱ አቅፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መንገዱ አጭር ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ቆሞ አረፈ። በየግቢው ዘፈን ተጀምሯል፤ ልጃገረዶች በቡድን እየዞሩ ያዜማሉ። ድሮ አብሮ ይቀበል ነበር። አሁን ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ ማንም አልሰማውም፣ ራሱም አልሰማውም። የጉሮሮው ሕመም ጠዋት እንደነበረው ነው። ምንም አልቀነሰም።

አዛለች ሥጋውን ፈትታ አየችው። እሱ ደፉ ላይ ተቀምጦ የቦልቴን ክፋት ይነግራታል፤ እንዴት ጎድኑን እንዳስወሰደው፣ እንዴት ጮማውን ለራሱ እንዳስጠጋ። ሾርባውን ጥዳ እያማሰለች አዳመጠችው። ከዚያ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች።

«ቦልቴ ምን አደረገህ? ዕጣህ ነው። ደግሞ በዚህ ዓመቱን ሙሉ ልትነታረክ ነው?»

ተናግራ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ዓመቱን ሙሉ ማለቷን ራሷ ልብ አላለችም። ኤርካሎ ጀርባዋን አየና ቢላዋውን አነሳ። ከጎድኑ ላይ ጥፍር የምታህል ሥጋ ቆረጠ፣ ዳጣው ውስጥ ነከረ፣ ወደ አፉ አስገባ። ሚጥሚጣው ምላሱን አቃጠለው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ብዙ አኘከ። ጣዕሙ ሁሉ እስኪያልቅ አኝኮ ለመዋጥ ሞከረ፤ አልወርድ አለው። መዳፉ ላይ ተፋው፣ ዘወር ብሎ በአጥሩ ሥር ለሚዞረው የጎረቤት ውሻ ወረወረለት።

እጁን ጠርጎ ሁለተኛውን ቆረጠ። ከመጀመሪያው ያነሰ አደረገው።